ለአረፋ ወደ መካነ ሰላም



የአረፋ በዓል ሲቃረብ በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ዘንድሮ አገር ቤት እንሄዳለን ወይስ እዚሁ እንውላለን?» የሚል ነው። የመሳፈሪያው ብር፣ የልጆች ልብስና የዕረፍት ፈቃዱ ቀን ይሰላና ብዙውን ጊዜ መልሱ «ለከርሞ ኢንሻአላህ፤ ዘንድሮስ በስልክ እንጠይቃቸው» ይሆናል። በእኛም ቤት ለሰባት ዓመታት መልሱ ይኸው ነበር። ያ «ለከርሞ» ምን እንዳስከፈለን ለመንገር የቤተሰባችንን የዚያራ ጉዞ ከመነሻው ላውጋችሁ።

በዓሉ የሥራ ቀን በነበረበት ዘመን

አባታችን የቦረና ልጅ ነበር። ይህች ቦረና በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ጫፍ የምትገኘው፣ ዓባይ ከጎጃም የሚለያት፣ መካነ ሰላም ዋና ከተማዋ የሆነች ወረዳ ናት። ወጣት ሳለ ለትምህርት ወጥቶ አዲስ አበባ ቀረና በጸሐፊነት ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ የሙስሊሙ በዓላት በመንግሥት ዘንድ እንደ በዓል አይቆጠሩም ነበር። አባታችን የአረፋ ዕለት ማልዶ ሰግዶ፣ ከጓደኞቹ ጋር እንኳ በወጉ ሳይሳሳም፣ ወደ ቢሮ ይሮጥ እንደነበር ይነግረን ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም የአዲስ አበባ ሙስሊሞች፣ ብዙ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም ጭምር፣ ለእኩልነት አደባባይ ሲወጡ ከጥያቄዎቹ አንዱ የበዓላቱ ጉዳይ ነበር። አባታችንም ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበር። በ1967 ዓ.ም ዒድ አል-ፊጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወጁ። ስለዚያ ቀን ሲያነሣ ብዙ አያወራም ነበር። «ለእኔ ትርጉሙ አንድ ነው፤ እናቴን በአረፋ ቀን ለማየት ቻልሁ» ይል ነበር።

ከዚያም ክፉው ዘመን መጣ። በ1977 ዓ.ም ድርቅና ረሃብ ወሎን ሲጎዳ መንግሥት በዚያው ዓመትና በተከታዩ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛውን ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል አሰፈረ። ከእኛም ዘመዶች ወደ ወለጋ የተወሰዱ ነበሩ። አባታችን በ1978 ዓ.ም ለአረፋ ሲሄድ በግ ይዞ ሳይሆን እህል አሸክሞ ነበር፤ የሄደውም ማን እንደቀረ ለማወቅ ነበር። እናቱን በሕይወት አገኛት። «ከዚያ ወዲህ ዚያራ ለእኔ ሽርሽር መሆኑ ቀረ» ይለን ነበር።

የ1985ቱ ጉዞ

እኛን ልጆቹን ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደን በ1985 ዓ.ም ነው። አረፋ በግንቦት መጨረሻ የዋለበት ዓመት ነበር። እኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን፣ ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ ጣሊያን የሠራውን የጣርማ በር ዋሻ እየጮህን አቋርጠን፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ወረድን። ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፈን፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥተን፣ ማታ ጦሳ ተራራ ሥር ደሴ ገባን። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ግማሹን የጨረስን መስሎኝ ነበር።

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ አንዲት የአባታችን አክስት ቤት አደርን። ከደሴ እስከ መካነ ሰላም ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ጊዜ ግን መንገዱ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በመኪናው ጉልበት ነበር። ጨውና ስኳር በጫነ ኤንትሬ ላይ ተሳፈርን። ጉጉፍቱ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ አንድ የማናውቃቸው አዛውንት ባናቸውን ገልጠው እኔንና ታናሽ እህቴን ከውስጥ አስገቡን። በየሜዳው የበልግ ገብስ ለምልሟል። አቀስታ ላይ አውርደውን ትኩስ ሻይና ቆሎ በላን። መካነ ሰላም የገባነው ጨልሞ ነው።

በማግሥቱ የአባታችን ታናሽ ወንድም በቅሎ ይዞ መጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት በነጋዴ እጅ የተላከው ደብዳቤ ደርሶት ሁለት ቀን ሲጠብቀን ኖሯል። ከከተማው ግማሽ ቀን በእግር ተጉዘን ቤት ስንደርስ ትልቋ እማማ ከደጅ ቆማ ነበር። አያታችንን የምንጠራት እንዲያ ነው። ከሩቅ አይታ ቆጠረችን። ስንቀርብ ደግሞ አንድ በአንድ መረመረችን። «ይህ ጥርሱ ወልቋል። ይህች ዓይኗ የእኔ ነው። ይኸኛው ከስቷል፤ ምን ቢያበሉት ነው?» አለች። በሕይወቴ እንዲያ ተደርጌ ታይቼ አላውቅም።

የዒድ ሶላት በሜዳ ላይ ተሰገደ። ከየሸንተረሩ ተክቢራ እያሰማ የሚወርደው ሕዝብ እስካሁን በጆሮዬ አለ። ተሰግዶ ሲያበቃ አባታችን በመጣንበት መንገድ አልመለሰንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዒድ ቀን በአንድ መንገድ ሄደው በሌላው ይመለሱ እንደነበር ነገረንና ዞሮ በሚሄደው መንገድ ወሰደን። በዚያ መንገድ ላይ የታመመ ሰው ቤት፣ የአንዲት ሙት ባል ያላት ሴት ቤትና ከእኛ ቤተሰብ ጋር በመሬት ድንበር ተጣልቶ ለዓመታት ሰላምታ ያቋረጠ የሥጋ ዘመድ ቤት ነበሩ።

ከሦስተኛው ቤት ስንደርስ አጎታችን አንገቱን አቀረቀረ። ትልቋ እማማ ግን «ቂም ይዤ ኡዱሕያ አልበላም» ብላ ቀድማ ገባች። «አፉ በሉኝ» አለች፤ እርሷ ናት እንግዲህ የተበደለችው። ሰውየው ተነሥቶ ጉልበቷን ሳመ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናን ቀጠለ የሚባለው ውለታ የሚመልሰው ሳይሆን ሲቆርጡት የሚቀጥለው እንደሆነ ማስተማራቸውን በኋላ በመድረሳ ስማር፣ ወዲያው ትዝ ያለኝ ያች ደጃፍ ናት።

ቤት ስንመለስ ሥጋው ለቤት፣ ለዘመድና ጎረቤት፣ ለምስኪን ተብሎ በሦስት ተከፈለ። ክርስቲያን ዘመዶቻችን ደግሞ ከነልጆቻቸው መጥተው ነበር። በወሎ እንደተለመደው ለእነርሱ አንድ በግ ከነነፍሱ ተሰጣቸውና ራሳቸው አርደው በተለየ ድስት ሠሩ። ቡናው ግን አንድ ነበር። ከአቦል እስከ በረካ ተጠጣ፤ ተመረቀ። ማታ ትልቋ እማማ ልጆችን ሁሉ ሰብስባ «አንተ የማን ነህ? እርሱስ የማን ነው?» እያለች ትውልድ ታስቆጥረን ነበር። የተሳሳተ ጭኮ አይደርሰውም።

ስልክ ሲመጣ

አባታችን በ1997 ዓ.ም ወደ አኼራ ሄደ። እስከዚያ ድረስ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ሳንሄድ አንቀርም ነበር። ከእርሱ በኋላ እኛ ወንድምና እህቶች በ2003 ዓ.ም አንድ ጊዜ ሄድን። ያን ጊዜ አጎታችን ተንቀሳቃሽ ስልክ ገዝቶ አገኘነው። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። «እንግዲህ በየሳምንቱ ድምፅዎን እንሰማለን» አልናት።

በእርግጥም በየጁሙዓው እንደውል ነበር። ዒድ ሲሆን ደግሞ ልጆቼን አሰልፌ ስልኩን አቀባብላቸዋለሁ። «እንዴት ነሽ እማማ?» እንላለን። «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደኅና ነኝ። እናንተ ብቻ ደኅና ሁኑልኝ» ትላለች። ብር እንልካለን። አጎታችን «ደርሷል፤ መርቃችኋለች» ይላል። ስልኩን ስዘጋ የልጅነት ግዴታዬን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር። ለጉዞው የሚወጣውን ብንልክላት ይሻላል እያልን አረፋ መጥቶ አረፋ ሄደ።

ለነገሩ በየጊዜው ወደ አገር ቤት የሚጎርፈውን ሰው እያየን ልባችን ይነሣሣ ነበር። የስልጤና የጉራጌ ሙስሊሞች ለአረፋ መርካቶን ባዶ አድርገው ሲገቡ ማን ያላየ አለ? እኛ ግን «የእነርሱ ቅርብ ነው» እንል ነበር።

እጇ ፊታችንን ሲዳብስ

በ2010 ዓ.ም አረፋ ነሐሴ 15 ቀን ዋለ። በዚያ ዓመት ታላቋ ልጄ ትምህርት ቤት የቤተሰብ ትውልድ ቆጥራ እንድትመጣ ታዝዛ ከአያቴ ወዲያ ያለውን መመለስ አቃተኝ። በልጅነቴ ጭኮ የበላሁበትን ትምህርት ረስቼዋለሁ። አፈርሁና «ተነሡ፣ እንሄዳለን» አልኋቸው። ክረምት ነበር። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ ከመኪናው ፊት ያለውን አላሳይ አለን። ልጆቼ በብርዱ ሲንቀጠቀጡ የዚያ ደግ ሽማግሌ ባና ትዝ አለኝ።

ትልቋ እማማ ደጅ አልቆመችም። ከመደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። «አሰላሙ ዐለይኩም» ስንል ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። ልጆቼ ሲቀርቡ እጇን ዘርግታ ግንባራቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ አገጫቸውን ዳሰሰች። የፍቅር መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንዲት የልጅ ልጇ ከጅዳ የላከችላትን ፎቶግራፍ ከትራሷ ሥር አውጥታ «እስቲ እዩልኝ፣ እንዴት አምሮባታል!» ብላ ዘረጋችልን። ፎቶግራፉን ገልብጣ ይዛው ነበር።

ቤቱ ዝም አለ። ትንሹ ልጄ «እማማ፣ ተገልብጧል እኮ» አለ። አጎታችን ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልሁት ወደ ውጭ ስንወጣ።

«ሁለት ዓመት አለፈው። አትንገራቸው ብላ አስምላኛለች። ልጆቹ ይጨነቃሉ፣ ሥራ ፈትተው ለመንገድ ብር ያወጣሉ አለች።»

ተመልሼ ከጎኗ ተቀመጥሁ። «እማማ፣ በየጁሙዓው ደኅና ነኝ ስትይኝ አልነበር?» አልኋት። «ልጄ፣ እርሱ ለአላህ ምስጋና ነው። አልዋሸሁም። አንተ ስለ ዓይኔ መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። መልስ ግን አልነበረኝም።

ቦሩ ሜዳ

መካነ ሰላም ያገኘነው የጤና ባለሙያ አይቷት የዓይን ሞራ ግርዶሽ እንደሆነ ነገረን። እኛ ዓይን ጠፋ ማለት የማይመለስ ነገር አድርገን ነበር የምናስበው። ሞራ ግን ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያስገባው የዓይን ውስጥ ሌንስ በዕድሜ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። የደፈረሰው ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ብቻ እንዲደነዝዝ ተደርጎ ይሠራል። በ1998 ዓ.ም በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ማየት ከተሳናቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በዚሁ በሞራ ምክንያት እንደሆነ ተረጋግጧል። እንግዲህ በየቤቱ ጥግ «እርጅና ነው» ተብለው ከተቀመጡት እናቶችና አባቶች ስንቱ ሊያይ ይችል እንደነበር አስቡት።

ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። በዓሉ እንዳለፈ ወሰድናት። ተራ ጠብቀን ቀኝ ዓይኗ ተሠራ። በማግሥቱ ነርሷ ፋሻውን ስታነሣ አጎታችን፣ እኔና ልጄ ፊት ለፊቷ ቆመን ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችን። ከዚያ ለእኔ «ሸብተሃል» አለችኝ። ወደ ልጄ ዞራ ደግሞ «ይህች ጥርሷ ወልቋል» አለች።

ውድ አንባብያን፣ ሳቅንም አለቀስንም።

በ2011 ዓ.ም አረፋ ከደጅ ቆማ ከሩቅ ቆጠረችን። ልጆቼንም እንደ እኛ ትውልድ አስቆጠረቻቸው። በ2012 ዓ.ም ጥር ላይ ወደ አላህ ተመለሰች። አላህ ይዘንላት። በሚያይ ዓይኗ አብረን የዋልነው አረፋ አንድ ብቻ ነው። ቀድመን ብንሄድ ኖሮ ሦስት ይሆን ነበር። ይህ ሒሳብ ዛሬም ያስጨንቀኛል።

መንገዱ ሲዘጋ

እርሷ ካረፈች በኋላ የመጡትን ዓመታት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ዒድ በየቤቱ ተሰገደ። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። በዚያው ዓመት ከውጭ አገር ያሉ ወገኖች «ከዒድ እስከ ዒድ» በሚለው ጥሪ ወደ አገራቸው ሲመጡ እኛም ልባችን ተነሣሥቶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭቱ ተቀሰቀሰ፤ መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክም የሚጠፋበት ጊዜ ሆነ። መንገዱ ክፍት በነበረበት ጊዜ «ለከርሞ» እንል ነበር። ከርሞው ሲመጣ ግን መንገዱን ይዞት አልመጣም።

የሂጅራው ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር በዓሎቻችን በየወቅቱ እየዞሩ በ33 ዓመት ገደማ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። በ1985 ዓ.ም በግንቦት መጨረሻ የዋለው አረፋ በ2017 ዓ.ም ግንቦት 29 ቀን ዋለ። እኔም አባቴ ያን ጊዜ ወደነበረበት ዕድሜ ደርሻለሁ። ልሄድ አስቤ ነበር፤ «መንገዱ አያስተማምን፣ ልጆቹን ይዘህ እንዳትነሣ» አለኝ አጎቴ። ቀረን። ደወልን።

ስልኩን ልጄ ተቀበለችኝ። ዛሬ ትልቅ ሆናለች። «አብዬ፣ እንዴት ነዎት?» አለች። «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደኅና ነኝ ልጄ» አሏት። ልጄ ግን በዚህ አላለፈችውም። «ዛሬ ለሶላቱ ሜዳ ድረስ በእግርዎ ወረዱ?» አለቻቸው። ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያ ሲስቁ ተሰማን። «ኧረ በበቅሎ ነው። ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል» አሉ። «ከመቼ ጀምሮ?» አለች ልጄ። ሕመሙ ስድስት ወር አልፎት ነበር። በሳምንቱ የአጎቴ ልጅ ወደ ሐኪም ወሰዳቸው።

ምን እናድርግ?

የአላህ ቃል የኒሳእ ምዕራፍ ገና ሲከፈት አላህን ከመፍራት ጋር የማኅፀንን ዝምድና ከመቁረጥ እንድንጠነቀቅ ያዛል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሲሳዩ እንዲሰፋለትና ዕድሜው እንዲረዝምለት የሚሻ ዝምድናውን ይቀጥል ብለው መክረዋል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚቸግረን አሠራሩ ነው። እኛ ቤት ከስሕተታችን የተማርነውን ላካፍላችሁ።

መንገዱ ሰላም በሆነበት አካባቢ ዘመድ ያላችሁ፣ ዘንድሮን ለከርሞ አትለውጡት። እኛ ዛሬ በወንድምና እህቶች መካከል ትንሽ የወር መዋጮ አለን፤ ለሌላ ነገር አይነካም፣ የጉዞ ብቻ ነው። ስትሄዱ ልጆችን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዘመዱን በዓይኑ ያላየ ልጅ ነገ የሚቀጥለው ዝምድና የለውም። ስትደርሱ ከበግ ገበያው በፊት የታመመውን፣ ያረጀውንና የተቀየማችሁትን ጠይቁ። ዓይንን፣ ጆሮን፣ ጥርስንና አካሄድን አስተውሉ።

መንገዱ የተዘጋባችሁ ወይም በባሕር ማዶ ያላችሁ ደግሞ ስልኩን አትናቁት፤ ግን አትመኑት። ወላጆቻችን «ደኅና ነኝ» ማለትን ከምስጋና ጋር ነው የተማሩት። ስለዚህ «ደኅና ናችሁ?» ብላችሁ አትለፉ። ቡናውን ማን እንዳፈላ፣ መስጊድ በማን እጅ እንደሄዱ፣ መርፌ ማን ክር እንደሚያገባላቸው፣ ሌሊት እንቅልፍ እንዳላቸው ጠይቁ። ከዚያም ስልኩን ከጎናቸው ላለው ልጅ ስጡልኝ በሉና እርሱንም ጠይቁት። ልጅ ተገልብጧል ለማለት አያፍርም።

አያታችን የተኛችበት ኮረብታ ላይ ሆነው ሲያዩ ወደ ዓባይ የሚወርደው አገር ሁሉ ይታያል ይላሉ። እኔ ገና አልዘየርኋትም። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ሥፍራ ማለት ነውና አላህ ለስሟ የሚገባትን ሰላም ይስጣት። መንገዳችንን ይክፈትልን፣ በሕይወት ያሉትን ሳይመሽ የምናይ ያድርገን። አሚን።